ከወሰኑ በትንሹ የወጣ የደም ውጤት ሌላ ምርመራ ይጠይቃል?

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ ወንድ ነኝ። ምንም ሳያመኝ ለሥራ ቅጥር በተጠየቅኩት ምርመራ ነጭ የደም ሴል 3.7 (መደበኛው ከ4.0 እስከ 11.0)፣ ሊምፎሳይት 48 በመቶ (ከ20 እስከ 40)፣ ኤኤልቲ 52 (እስከ 41)፣ ጠቅላላ ቢሊሩቢን 1.6 (እስከ 1.2) ሆነ። ቀጥተኛው ቢሊሩቢን 0.3፣ ኒውትሮፊል 41 በመቶ፣ ሄሞግሎቢን 15.1 ነው። ሐኪሙ አይቶ «ምንም አይደለም» ብሎ ሸኘኝ። አላመንኩም። በ5ኛው ቀን ሌላ ላቦራቶሪ ሄጄ አስደገምኩት። ኤኤልቲ 47፣ ቢሊሩቢን 1.3 ሆነ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ደህና የነበረው ፕላትሌት አሁን 146 ሆኖ (መደበኛው ከ150 ጀምሮ) ቀይ ምልክት ተደረገበት። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ የሚመጣልኝ የደም ካንሰርና የጉበት በሽታ ነው። አንገቴን ቀኑን ሙሉ ስዳስስ እውላለሁ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ጂም ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። መድኃኒት አልወስድም፣ አልጠጣም። የሆድ ሲቲ ስካንና የካንሰር ጠቋሚ ምርመራዎችን በሙሉ ላሠራ አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ምላሽ፦

በመጀመሪያ የጠየቁኝን በቀጥታ ልመልስ። ከጻፉልኝ ቁጥሮች መካከል የደም ካንሰርን የሚያስጠረጥር አንድም አላየሁም። ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ምርመራ ግን ክትትል ይፈልጋል፤ ደም እንዲረጋ የሚያግዘው ፕላትሌትም ጊዜ ተሰጥቶት መደገም አለበት። ሲቲ ስካኑንና የካንሰር ጠቋሚዎቹን አሁን እንዳያሠሩ እመክራለሁ። ይህን የምለው ሳልመረምርዎ፣ ሆድዎንና አንገትዎን ሳልዳስስ፣ የጻፉልኝን ብቻ ይዤ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን አንብበው ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ።

«ምንም አይደለም» የሚለው መልስ ለምን እንዳላረካዎት ይገባኛል። ሐኪሙ በአብዛኛው ትክክል ነው፤ ሆኖም ቀይ ምልክት ያለበትን ወረቀት በእጁ ለያዘ ሰው ምክንያቱ ካልተነገረው እንዲህ ያለው ቃል አያሳርፈውም። ሰው ያልተብራራለትን ነገር ራሱ ሊያብራራ ይነሳል፤ ሌሊት ብቻውን ስልኩን ይዞ ሲያብራራው ደግሞ ሐሳቡ ወደ ክፉው ያዘነብላል። ማብራሪያው ይገባዎታልና ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ከሁሉ በፊት ወረቀቱ ላይ «መደበኛ» ተብሎ የተጻፈው ወሰን ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ጤናማ ሰዎች፣ እንደተለመደው አሠራር ቢያንስ 120፣ ደም ይሰጣሉ። ውጤታቸው ከትንሹ እስከ ትልቁ ይደረደራል። ከታች 2.5 በመቶው፣ ከላይም 2.5 በመቶው ይቆረጥና መሐል የቀረው 95 በመቶ መደበኛ ወሰን ይባላል። ልብ ይበሉ፣ የተቆረጡትም ጤናማ ሰዎች ናቸው። በቁመት ቢሆን ኖሮ፣ ከ100 ጤነኛ ሰዎች መካከል እጅግ አጫጭሮቹን ሁለት ሦስት ሰዎችና እጅግ ረጃጅሞቹን ሁለት ሦስት ሰዎች ለይቶ ቀይ ምልክት እንደ መለጠፍ ነው። መስመሩ የታመመውን ካልታመመው ለመለየት የተሠመረ አይደለም። እንደ ስኳርና ኮሌስትሮል ያሉት ከዚህ ይለያሉ፤ የእነሱ ወሰን የተቀመጠው ጉዳት የሚያመጣው መጠን ተጠንቶ ነው።

እንግዲህ አንድ ምርመራ በጤናማ ሰው ላይ ከወሰን የመውጣት ዕድሉ ከ100 አምስት ከሆነ፣ እርስ በርስ የማይገናኙ 20 ምርመራዎችን ያሠራ ፍጹም ጤነኛ ሰው ቢያንስ አንዱ ከወሰን የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ይሆናል። እርስዎ የደም ቆጠራ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ አንድ ላይ አሠርተው ከሆነ ወረቀቱ ላይ 30 ያህል መስመር ሳይኖር አይቀርም። ብዙዎቹ ቁጥሮች እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ስሌቱ በትክክል አይገጥምም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው፦ ብዙ ነገር ያስለካ ሰው ከወሰን የወጣ ቁጥር ያገኛል። ምልክቱን የሚያደርገው ደግሞ ማሽኑ ነው። ዕድሜዎን፣ የቀድሞ ውጤትዎን፣ ትናንት ምን ሲሠሩ እንደዋሉ አያውቅም። 3.9 የሆነ ነጭ የደም ሴልና 0.9 የሆነ ነጭ የደም ሴል አንድ ዓይነት ቀይ ቀለም ይቀባቸዋል፤ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ሁለተኛው ግን በዚያው ቀን የሚያስሮጥ ነው።

አሁን ወደ ነጭ የደም ሴልዎ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በመቶኛው ነው። እንደ ሊምፎሳይትና ኒውትሮፊል ያሉት የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች መቶኛ ተደምሮ 100 መሆን ስላለበት፣ አንዱ ዝቅ ሲል ሌላው ሳይጨምር የጨመረ ይመስላል። መቶኛውን እንተወውና ብዛቱን እንፈልግ። የ3.7 አርባ ስምንት በመቶ 1.8 ያህል ነው፤ ይኸውም በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 1,800 ሊምፎሳይት ማለት ነው። የአዋቂ ሰው መደበኛ ከ1,000 እስከ 4,000 ገደማ በመሆኑ የእርስዎ ምንም ያልጨመረ፣ ከወሰኑ ውስጥ በደህና የተቀመጠ ነው። ኒውትሮፊልዎ በተመሳሳይ ስሌት 1,500 ያህል ይሆናል፤ እሱ ታችኛው ወሰን ጫፍ ላይ ነው። ሥር የሰደደውን የሊምፎሳይት ደም ካንሰር መጠርጠር የምንጀምረው የሊምፎሳይት ብዛት ከ5,000 በላይ ወጥቶ ለወራት ሲቆይ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ። አጣዳፊው የደም ካንሰር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሄሞግሎቢኑን እያወረደ፣ ፕላትሌቱን እያመነመነ፣ ያልበሰሉ ሴሎችን ወደ ደም እየለቀቀ፣ ሰውየውን በትኩሳትና በድካም እየጣለ ይመጣል። የእርስዎ ሄሞግሎቢን 15.1 ነው፤ ጂም የሚሄዱ ሰው ነዎት።

ለነጭ የደም ሴል ዝቅ ማለት በቂ ማብራሪያ የሚሆን፣ ነገር ግን ለታካሚ ብዙም የማይነገር ነገር አለ። ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዘር ሐረግ ያላቸው በርካታ ሰዎች ቀይ የደም ሴላቸው ላይ ደፊ የሚባለው ፕሮቲን የለም። ይህ ውርስ ቫይቫክስ ከሚባለው የወባ ዓይነት በእጅጉ ስለሚከላከል በትውልድ ተስፋፍቷል። ይኸው ውርስ በደም ውስጥ ሲዘዋወር የሚቆጠረውን የኒውትሮፊል ብዛት ዝቅ ያደርገዋል፤ 1,200 ወይም 1,400 ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ጤነኛ ሆኖ የሚኖር ሰው ብዙ ነው። ለኢንፌክሽን ከሌላው ሰው ይበልጥ አይጋለጥም። በበርካታ ማሽኖች ላይ የተጫነው ወሰን ግን የተወሰደው በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ነው። በዚህ የተነሳ ብቻ የአጥንት መቅኔያቸው በመርፌ የተወሰደ፣ የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት መጠኑ የተቀነሰባቸው ጤነኛ ሰዎች አሉ፤ ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የዘር ሐረግዎ ከዚያ ከሆነና የቆየ ውጤትዎ ላይም ነጭ የደም ሴልዎ 3.5 ወይም 4 አካባቢ ከነበረ፣ የእርስዎ መደበኛ ይኸው ነው፤ መታከምም መመርመርም አያስፈልገውም።

የፕላትሌቱን ጉዳይ በአጭሩ ልዝለቀው። 146 እና 150 በተግባር አንድ ናቸው፤ ያው ማሽን ያንኑ ናሙና ሁለት ጊዜ ቢቆጥር ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል። የመጀመሪያው ስንት እንደነበር አልጻፉልኝም፤ 155 ወይም 160 ከነበረ አልወረደም ማለት ይቻላል። አንድ ነገር ግን ማስጣራት ተገቢ ነው። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚጨመረው ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል በአንዳንድ ሰው ላይ ፕላትሌቶችን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። የተጣበቁትን ማሽኑ እንደ አንድ ስለሚቆጥራቸው ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። የላቦራቶሪ ባለሙያው ደሙን መስታወት ላይ አስጥቶ በማይክሮስኮፕ ቢያየው ይለየዋል፤ ካስፈለገም ሰማያዊ ክዳን ባለው፣ ሲትሬት በያዘው ቱቦ ይደገማል። ተጣብቀው ባይገኙም እንኳ፣ ሌላው የደም ቆጠራ ደህና ሆኖ ከ100 በላይ ረግቶ የሚቆይና መድማት የሌለበት ፕላትሌት አብዛኛውን ጊዜ ከክትትል በቀር ምንም አይደረግለትም።

የቢሊሩቢኑ፣ ማለትም ያረጀ ቀይ የደም ሴል ሲፈርስ የሚወጣው ቢጫ ንጥረ ነገር፣ ጉዳይ ደግሞ ደስ የሚል ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው እንቆቅልሽ አይደለም። ጠቅላላው 1.6 ሆኖ ቀጥተኛው፣ ማለትም ጉበት ለማስወገድ ያዘጋጀው፣ 0.3 ከሆነ፣ የጨመረው ቀጥተኛ ያልሆነው ነው። ጉበት በሐሞት መስመር መዘጋት ሲጎዳ የሚጨምረው ግን ቀጥተኛው ነው። የእርስዎ ዓይነቱ ቅርጽ ጊልበርት የሚባለውን የትውልድ ሁኔታ ይመስላል፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1901 ከገለጸው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከኦጉስተን ጊልበርት ነው። ቢሊሩቢንን ለማስወገድ የሚያዘጋጀው የጉበት ኢንዛይም ከሌላው ሰው በመጠኑ ዝግ ብሎ ይሠራል፤ ከ100 ሰዎች ከ3 እስከ 10 የሚሆኑት ይህ አላቸው። ቁጥሩ ሲራቡ፣ ሲታመሙ፣ እንቅልፍ ሲያጡ፣ ከባድ እንቅስቃሴ ሲያደርጉ ከፍ ይላል፤ ሲበሉና ሲያርፉ ይወርዳል። ለመጀመሪያው ምርመራ ከማታ ጀምሮ ሳይበሉ ሄደው ከነበረ፣ ከ1.6 ወደ 1.3 መውረዱ ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ጉበትን አይጎዳም፣ ዕድሜ አያሳጥርም፣ ሕክምናም የለውም። ሄሞግሎቢንዎና ሬቲኩሎሳይት የሚባሉት አዳዲስ ቀይ ሴሎች ደህና ከሆኑ ቀይ የደም ሴል እየፈረሰ ነው የሚለውም ሥጋት ይወገዳል። ከዚያ በኋላ የሚጠቅመው ነገር ስሙን ማወቅና ለወደፊት ሐኪሞችዎ መንገር ነው፤ እንደ ኢሪኖቴካን ያሉ ጥቂት መድኃኒቶችን ሲያዙ ሊያስቡበት ይገባልና።

ከሁሉ ይልቅ ማተኮር የምፈልገው ኤኤልቲ ላይ ነው። ኤኤልቲ፣ አንዳንድ ላቦራቶሪ ኤስጂፒቲ ብሎ የሚጽፈው፣ ጉበት ሴል ውስጥ የሚኖር ኢንዛይም ነው፤ ሴሉ ሲቆጣ ወይም ሲጎዳ ወደ ደም ይፈስሳል። ጡንቻም ግን በመጠኑ አለው። ክብደት ማንሳት ያልለመደ ጤነኛ ሰው አንድ ቀን በርትቶ ቢሠራ ኤኤልቲው፣ በጉበትም በጡንቻም የሚገኘው ኤኤስቲ የተባለ ኢንዛይም እና ሲኬ የሚባለው የጡንቻ ኢንዛይም ከፍ ብለው አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆዩ ይችላሉ። እርስዎ ጂም የጀመሩት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ኤኤስቲ ስንት እንደሆነ አልጻፉልኝም። ኤኤስቲ ከኤኤልቲ በልጦ ሲኬም ከፍ ብሎ ከተገኘ ምንጩ ጡንቻ የመሆኑ ነገር ይጠነክራል። ጥሩው ነገር ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን ዕረፍት ነው፦ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት፣ ከተቻለም ለአሥር ቀን ከባድ እንቅስቃሴ አቁሞ ያንኑ ምርመራ መድገም።

ይህን ስል «ጂም ነው» ብለው ፋይሉን እንዲዘጉት አልፈልግም። ለኤኤልቲ በትንሹ ከፍ ማለት በዓለም ላይ ዋነኛው ምክንያት ጉበት ላይ የሚከማች ስብ ነው፤ ምንም ሳያሳምም ለዓመታት ይቆያል። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲም እንዲሁ ድምፃቸውን አጥፍተው ይኖራሉ። አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፦ የኤኤልቲ ከፍታ የጉዳቱን ልክ አይናገርም። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ያለበት ሰው ኤኤልቲው 45 ሊሆን፣ አንዳንዴም ደህና ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ሁለት ምርመራዎችን ራሴ አዝልዎታለሁ፤ የሄፓታይተስ ቢ አንቲጅንና የሄፓታይተስ ሲ ፀረ እንግዳ አካል። ሁለቱም ማንኛውም አዋቂ በሕይወቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ቢሠራቸው የሚመከሩ ናቸው፤ ቢገኙም የሚደረግ ነገር አለ። ሄፓታይተስ ሲ ዛሬ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ ኪኒን በአብዛኛው ሰው ላይ ፈጽሞ ይድናል፤ ቢ ደግሞ በመድኃኒት ይገታል። መድኃኒት አልወስድም ብለዋል፤ ከጂሙ ጋር የጀመሩት የጡንቻ ማሳደጊያ ዱቄት ወይም ክኒን፣ ወይም የዕፅዋት መድኃኒት ካለ ግን ያም መድኃኒት ነውና ለሐኪምዎ ይናገሩ፤ አንዳንዶቹ ጉበትን በጽኑ ይጎዳሉ።

እንደሚያዩት ምርመራን በደፈናው እየተቃወምኩ አይደለሁም። ሄፓታይተስን ይመርመሩ ስል ጥያቄ አለኝ፤ ኤኤልቲው ከፍ ያለ ሰው ነው፣ በሽታው የተለመደ ነው፣ መልሱም የሚያደርገውን ይለውጣል። የካንሰር ጠቋሚዎቹን በጅምላ ማሠራት ግን ጥያቄ የሌለው ምርመራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ለታተመ ጥናት በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት 60 ተማሪዎች፣ ሐኪሞችና መምህራን ይህን ተጠየቁ፦ ከ1,000 ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ አለ፤ ምርመራው ከ100 ጤነኞች አምስቱን በስህተት «አለባቸው» ይላል፤ ስለ ግለሰቡ ሌላ ምንም ሳይታወቅ ምርመራው «አለበት» ያለው ሰው በእርግጥ የታመመ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ደጋግሞ የመጣው መልስ 95 በመቶ ነበር። ትክክለኛው ከ2 በመቶ ያነሰ ነው፤ ከ60ዎቹ በትክክል የመለሱት 11 ብቻ ነበሩ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከ1,000 ሰዎች አንዱ የታመመ ነው፤ ከቀሩት ጤነኞች 50 ያህሉ በስህተት ይያዛሉ። ከ51 «አለባቸው» መካከል እውነተኛው አንድ ነው። ሃምሳዎቹ ሰዎች የሚያሳልፉትን ሌሊት ያስቡት።

የካንሰር ጠቋሚዎች ደግሞ ከዚህ የተሻሉ አይደሉም። የተሠሩት በአብዛኛው ካንሰሩ የታወቀን ሰው ለመከታተል ነው። ሲኢኤ የሚባለው በሚያጨሱ ሰዎች ላይ ከፍ ይላል፤ ኤኤፍፒ ጉበት ሲቆጣ ይነሳል፤ ለሴቶች የሚሠራው ሲኤ 125 በወር አበባ ጊዜና ካንሰር ባልሆነ የማሕፀን እጢ ብቻ ሊጨምር ይችላል። ደህና ሆነው መገኘታቸውም ካንሰር የለም አያሰኝም። እንግዲህ «አለ» ሲልም «የለም» ሲልም የማይታመን መልስ በዚህ ጭንቀት ላይ ምን ይጨምርልዎታል?

ሲቲ ስካኑም ሌላ መዘዝ አለው። የሆድ ሲቲ ከ7 እስከ 10 ሚሊሲቨርት የሚሆን ጨረር ያደርሳል፤ አንድ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው በአማካይ 2.4 ነው። ለአንድ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ ምክንያት ሲኖር ያለማመንታት የምናዘውም ለዚህ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የሚያሳየው ነገር ነው። በጤነኛ ሰው ሆድ ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት፣ የደም ሥር ጥቅል፣ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ላይ ትንሽ እብጠት ማግኘት የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹ ምንም አያደርጉም። የራጅ ሐኪሙ ግን ያየውን መጻፍ አለበት፤ «በስድስት ወር ይደገም» ይላል። ከዚያ ኤምአርአይ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከጉበት በመርፌ ናሙና መውሰድ፤ ያ ደግሞ አልፎ አልፎ ያደማል። በካናዳ ይሠሩ የነበሩት የአጥንት ቀዶ ሐኪም መርሰር ራንግ እ.ኤ.አ. በ1972 ይህንን ጉዞ እንደ አንድ ሕመም ቆጥረው ጽፈውበታል፦ ጤነኛ ሆኖ የጀመረ ሰው በአንድ የተሳሳተ ውጤት ተነሥቶ ከምርመራ ወደ ምርመራ ሲንከራተት ቆይቶ፣ ደክሞና ተጎድቶ ወደነበረበት ይመለሳል።

እርስዎም የዚህን ጉዞ መጀመሪያ አይተውታል። በ5ኛው ቀን ያስደገሙት ለማረፍ ነበር፤ ሁለቱ ቁጥሮች ተሻሻሉ፣ ነገር ግን አዲስ ቀይ ምልክት መጣና ዕረፍቱን ወሰደው። ሌላ ላቦራቶሪ ማለት ሌላ ማሽን፣ ሌላ ኬሚካል፣ ሌላ ወሰን ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ማነጻጸር አስቸጋሪ ነው። ሰውነትም በራሱ አንድ ቦታ አይቆምም። ሶዲየም ከቀን ወደ ቀን እምብዛም አይነቃነቅም፤ የደም ስብ የሆነው ትራይግሊሰራይድና የታይሮይዱ ቲኤስኤች ግን ምንም ሳይፈጠር በብዙ ይዋዥቃሉ። ናሙናው ቱቦ ውስጥ ቆይቶ ወይም ሲቀዳ ቀይ ሴሎቹ ፈርሰው ፖታሲየም በሐሰት ከፍ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ በብዛት የሚወሰደው ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን የታይሮይድ ውጤትን ሊያሳስት ይችላል። በችኮላ የተደገመ ምርመራ ይህን ሁሉ ጫጫታ ነው የሚሰበስበው።

ደግሞም ምርመራ የሚሰጠው ዕረፍት እኛ ሐኪሞች እንደምናስበው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ 14 ሙከራዎችን አሰባስቦ አይቶ ነበር፤ ከባድ በሽታ ሊኖርባቸው የማይመስል ግን ምልክት ያላቸው ሰዎች ምርመራ ተደርጎላቸው ደህና መሆናቸው ቢነገራቸውም፣ ስለ በሽታ ያላቸው ሥጋት ካልተመረመሩት ጋር ሲነጻጸር አልቀነሰም። ጭንቀትዎን አላቃልለውም፤ የደረሰብዎት እውነተኛ ሥቃይ ነው። ግን መድኃኒቱ ሌላ ውጤት ነው ብዬ ብነግርዎ አታለልኩዎት ማለት ነው። አንገትዎን መዳሰሱን ለሁለት ሳምንት ይተዉት። ጤነኛ ሰው አንገትም ላይ የሚዳሰሱ ትናንሽ ዕጢዎች አሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሲጫኗቸው ደግሞ ያማሉ፣ ሕመሙም አዲስ ፍርሃት ይሆናል። ሐኪም አንድ ጊዜ በደንብ ይዳስሰው፣ መጠኑን ይጻፈው። ውጤቶቹ ደህና ከሆኑ በኋላም ሥጋቱ ለወራት እንቅልፍ የሚነሳዎት ከሆነ፣ የሐሳብና የባህርይ ሕክምና የሚባለው የንግግር ሕክምና ለእንዲህ ያለው የጤና ጭንቀት በደንብ ይሠራል። ይህን መጠየቅ የሚያሳፍር አይደለም።

በተቃራኒው «ትንሽ ነው» ተብሎ ሊታለፍ የማይገባ ቁጥርም አለ፤ ይህን ሳልጽፍ ብቀር ሌላውን አንባቢ እጎዳለሁ። ሄሞግሎቢኑ 15.5 የነበረ ወንድ በዓመቱ 13.2 ቢሆን ወረቀቱ ላይ ምልክት ላይኖር ይችላል፤ ለእኔ ግን ከእርስዎ 3.7 እጅግ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ወንድ ወይም የወር አበባ ያቆመች ሴት የብረት እጥረት ከተገኘባቸው አንጀት ወይም ጨጓራ እየደማ እንደሆነ መታየት አለበት፤ ብረት ሰጥቶ ማሰናበት በቂ አይደለም። ሳይበሉ የተለካ ስኳር 126 ሚሊግራም ከሆነና ተደግሞ ያው ከሆነ ስኳር በሽታ ነው፤ «በትንሹ ነው ያለፈው» አይባልም። ካልሲየም ትንሽ ከፍ ብሎ ሲደገምም ከፍ ካለ የፓራታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ይከተላል። ክሬቲኒን ትንሽ ጨምሮ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ካለ፣ ሦስት ወር እየተከታተሉ ኩላሊቱን መመርመር ግዴታ ነው። ከቁጥሩ ጋር ያልታሰበ የክብደት መቀነስ፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ ልብስ የሚያረጥብ የሌሊት ላብ፣ እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ ያለምክንያት መድማት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የሽንት መጥቆር ካለ ደግሞ ጊዜ እንስጠው የሚለው ምክሬ አይሠራም፤ በፍጥነት ይታዩ።

እርስዎ እነዚህ ምልክቶች ከሌሉዎት እንዲህ ያድርጉ። የቆዩ የደም ውጤቶችዎን ይፈልጉ፤ ከአምስት ዓመት በፊትም ቢሆን ለሌላ ጉዳይ የተሠራ ቢሆን ይጠቅማል። ከ120 የማያውቋቸው ሰዎች ጋር ከመነጻጸር ከራስዎ ጋር መነጻጸር ይበልጣል። ከዚያ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠብቁ፤ በመጨረሻው ሳምንት ጂሙን ያቁሙ፣ ጉንፋን ከያዘዎት እስኪለቅዎት ይቆዩ። የመጀመሪያውን ምርመራ በሠሩበት ላቦራቶሪ፣ ጠዋት፣ የደም ቆጠራውን በማይክሮስኮፕ ዕይታ ጭምር፣ ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ ሲኬና ሁለቱን ዓይነት ቢሊሩቢን ያሠሩ። ሁለቱን የሄፓታይተስ ምርመራዎች ለመጠበቅ ምክንያት ስለሌለ ዛሬም ማሠራት ይችላሉ። ሐኪምዎ አዲስ ምርመራ ካዘዘ ሳያፍሩ ይጠይቁ፦ በዚህ የምንፈልገው በሽታ የትኛው ነው? እኔ ላይ የመኖር ዕድሉ ምን ያህል ነው? ውጤቱ ደህና ቢሆንና ባይሆን የምናደርገው ይለያያል? ለሦስቱም ግልጽ መልስ ካለ ምርመራው ተገቢ ነው።

ኤኤልቲው ወደ ወሰኑ ከተመለሰ ጂሙን በዝግታ ይቀጥሉ፤ የሚቀጥለው ምርመራ በመደበኛ ጊዜው ይበቃዎታል። አሁንም 45 ወይም 50 ላይ ከቆየና ሄፓታይተሱ ከሌለ የጉበት አልትራሳውንድ ይታዘዝልዎ፤ ጨረር የለውም፣ በጉበት ላይ የተከማቸ ስብንም በአብዛኛው ያሳያል። ክብደትዎ፣ የወገብዎ ስፋት፣ የስኳርና የደም ስብ መጠንም አብሮ ይለካ፤ ስብ ከተገኘ ሕክምናው ክብደት መቀነስና እንቅስቃሴ ስለሆነ ግማሹን ጀምረውታል። ነጭ የደም ሴሉ ያው 3.7 አካባቢ ቢሆን አይደንግጡ፤ ከ3 በታች ከወረደ፣ ኒውትሮፊሉ ከ1,000 ካነሰ፣ ወይም ፕላትሌቱ ከ100 ካነሰ ግን የደም ሕክምና ስፔሻሊስት እንዲያይዎት ይጠይቁ፤ ሁለቱንም የውጤት ወረቀቶች ከነወሰኖቻቸው ይዘው ይሂዱ።